ቦታው ላይ ቆሞ የሚነበብ ፍንጭ

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ዴቨን በሚባለው ግዛት፣ ዳርትሙር የተባለ ሰፊ ደጋ አለ። ዛፍ እምብዛም አይታይበትም። ሣርና ረግረግ ነው፣ በየኮረብታው አናት ደግሞ ግራጫ ቋጥኝ ተቆልሎበታል። ጉሙ ሳይታሰብ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1854 ጄምስ ፔሮት የሚባል፣ እንግዶችን እየመራ ደጋውን በማሳየት የሚተዳደር ሰው፣ ክራንሚር ፑል በተባለ ከመንገድ የራቀ ረግረግ ስፍራ አንድ ጠርሙስ አኖረ። በእግሩ እዚያ ድረስ የዘለቀ ሰው ስሙ የታተመበትን ካርድ ጠርሙሱ ውስጥ ከትቶ ይመለሳል። መድረሱን የሚመሰክርለት ያ ካርድ ብቻ ነው። ወርቅ የለም፣ ሽልማት የለም።

ዛሬ በብዙ አገር ወላጆች በዕረፍት ቀን ልጆቻቸውን ይዘው በየደኑና በየመናፈሻው የተደበቀ ሣጥን የሚፈልጉበት ጨዋታ፣ አንዱ ሥሩ ያ ጠርሙስ ነው። ጨዋታው እንዴት እንደተወለደ፣ እንዴት እንደሚሠራና እናንተም በመጪው ቅዳሜ እንዴት ልታዘጋጁት እንደምትችሉ ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም፦ ጥሩ ፍንጭ ማለት ቤት ተቀምጠው የማይፈቱት ፍንጭ ነው። ቦታው ላይ ቆመው፣ ዙሪያውን አይተው፣ አንዳንዴም ድንጋዩን በእጅ ዳብሰው ብቻ የሚደርሱበት። ሣጥኑም ሽልማቱም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የዳርትሙር ሰዎች ይህን ቀድመው የገባቸው ይመስለኛል። ጠርሙሱ ከጊዜ በኋላ በቆርቆሮ ሣጥን ተተካ፣ የጎብኚዎች መዝገብም ገባለት። ሰዎች ቴምብር የተለጠፈበት ፖስትካርድ በራሳቸው አድራሻ ጽፈው ሣጥኑ ውስጥ መተው ጀመሩ፤ ቀጥሎ የመጣው መንገደኛ ይዞት ወርዶ ፖስታ ቤት ይጥልላቸዋል። ካርዱ ቤታቸው የሚደርስበትን ቀን የሚወስነው እንግዲህ ያ የማያውቁት ሰው ነው። ሣጥኖቹ ቀስ በቀስ በዙ። በ1938 አንዱ የቆመው ስለ ዳርትሙር ዝነኛውን የጉዞ መምሪያ ለጻፈው ለዊሊያም ክሮሲንግ መታሰቢያ ሆኖ ነው። ዛሬ ከየቋጥኙ ሥር የተሸጎጡት ሣጥኖች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አንድ መቶ ያገኘ ሰው የሚቀላቀለው ክበብም አለ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ የጎማ ማኅተምና ትንሽ ደብተር አለ። ፈላጊውም የራሱን ማኅተም፣ የቀለም ስፖንጅና ደብተር ይዞ ይሄዳል። የሣጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ፣ የራሱን ደግሞ በሣጥኑ ደብተር ላይ ይመታል። ማኅተሞቹ ብዙ ጊዜ በእጅ የተቀረጹ ናቸው፦ ፈረስ፣ ወፍ፣ የአካባቢው ተረት። ልጆች ለዚህ ማኅተም ሲሉ ስንት ኮረብታ እንደሚወጡ ብታዩ ትገረማላችሁ። ከድንች ወይም ከላጲስ ላይ የራስን ማኅተም መቅረጽ ደግሞ ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ቤት ውስጥ የሚሠራ ጥሩ ሥራ ነው፤ ቢላው ብቻ በአዋቂ እጅ ይሁን።

ፍንጩ እንዴት ይሰጣል? እዚህ ላይ ቀረብ ብለን እንይ። የዳርትሙር ፍንጭ ብዙ ጊዜ የኮምፓስ ዲግሪ ነው። "የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ በ75 ዲግሪ፣ ትልቁ ቋጥኝ በ190 ዲግሪ የሚታይበት ቦታ ላይ ቁሙ" ይላል እንበል። በ75 ዲግሪ ግንቡን የምታዩባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ተሰልፈዋል። ቋጥኙን በ190 ዲግሪ የምታዩባቸውም እንዲሁ ሌላ መስመር ናቸው። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። ልጁ ኮምፓሱን ይዞ ወደ ግራ ሁለት እርምጃ፣ ወደ ኋላ አራት እርምጃ እያለ ሁለቱ ቁጥሮች የሚገጥሙበትን ነጥብ ይፈልጋል። ሒሳብ መማሩን አያውቀውም። ፍንጩን ግን ቤቱ ሆኖ መቶ ጊዜ ቢያነበው ምንም አይነግረውም፤ ግንቡንና ቋጥኙን በዓይኑ ማየት አለበት።

አሁን ወደ ሰማይ እንውጣ፤ የጨዋታው ሌላ ሥር እዚያ ነው። የአሜሪካ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ያለበትን ቦታና ሰዓቱን ያለማቋረጥ ያሰራጫል። ስልካችሁ ቢያንስ የአራቱን መልእክት ሲቀበል፣ መልእክቱ ለመድረስ ከፈጀበት ጊዜ ተነሥቶ እሱ ራሱ የት እንዳለ ያሰላል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የአሜሪካ ጦር ለተራው ሰው የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ እንዲቆም አዘዙ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000) ማዛባቱ ተነሣ። በዓለም ላይ ያሉ የጂፒኤስ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ዓይናቸው በራ።

በማግስቱ፣ ሜይ 3፣ ዴቭ አልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አጠገብ ባለ ጫካ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። ውስጡ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ወንጭፍ፣ የታሸገ ባቄላ፣ መመዝገቢያ ደብተርና እርሳስ ነበር። ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን በኢንተርኔት ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ ሕጉ "አንድ ነገር ውሰዱ፣ አንድ ነገር ተዉ" የሚል ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ጄረሚ አይሪሽ የተባለ ሰው የሣጥኖቹ ዝርዝር የሚወጣበትን ድረ ገጽ ከፈተ፣ ጨዋታውም ጂኦካሺንግ ተባለ። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሣጥኖች ከ190 በሚበልጡ አገሮች ተደብቀዋል። የጨዋታውን አፕ ስልክ ላይ ጭኖ ካርታውን መክፈት ነው፤ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ለንደን ወይም ስቶክሆልም የምትኖሩ ከሆነ በየቀኑ የምታልፉበት መናፈሻ ውስጥ አንዱ ሳይኖር አይቀርም።

እያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ደረጃ ተሰጥቶታል፤ አንዱ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሌላው መንገዱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ናቸው። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ 1 እና 1 የሆነውን፣ መጠኑም ትልቅ የተባለውን ምረጡ። ትልልቆቹ ውስጥ የሚለዋወጡት መጫወቻ ይኖራል፤ የጣት ጫፍ የሚያክሉት ውስጥ ግን ስም የሚጻፍበት ጥቅል ወረቀት ብቻ ነው ያለው፣ የአምስት ዓመት ልጅ ለዚህ ሲባል አንድ ሰዓት ተጉዞ አይደሰትም።

ከዚህ ጨዋታ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ስልኩ የሚያቆምበት ቦታ ነው። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት እንኳ ስልክ የሚሳሳተው አምስት ሜትር ያህል ነው፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከሕንፃ አጠገብ ከዚያም ይብሳል። ዙሪያውን አምስት አምስት ሜትር ብትለኩ ወደ 80 ካሬ ሜትር የሚጠጋ መሬት ይሆናል፤ ሣሩ፣ ግንዱ፣ ድንጋዩ ሁሉ ያለበት። "ደርሰሃል" ይላል ስልኩ፣ ሣጥኑ ግን አይታይም። ከዚህ በኋላ ስልኩ ኪስ ይገባል። ዓይን ይሠራል። ይህ ድንጋይ ለምን ከሌሎቹ ተለይቶ ጠፍጣፋ ሆነ? እነዚህ እንጨቶች ለምን እኩል ተደረደሩ? ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ልጆች ከአዋቂ ቀድመው የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ነው።

የጨዋታው አንድ ዓይነት ደግሞ ሣጥን ጨርሶ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ጂኦሎጂ ማኅበር ያስጀመረው ነው፤ ጎብኚው የሚያገኘው የመሬቱን ታሪክ ነው። ቦታው ላይ ትደርሳላችሁ፣ ጥያቄ ይጠብቃችኋል፦ በገደሉ ላይ ስንት ቀለም ያለው ንጣፍ ታያላችሁ? የትኛው ወፍራም ነው? መልሱን ትልካላችሁ፣ አለቀ። ድንጋይ ማየት ለልጅ አሰልቺ ነው የሚል ሰው ልጁን ጠይቆት አያውቅም ማለት ነው፤ ጥያቄ ከተሰጠው ድንጋይን እንደ ልጅ የሚመረምር የለም።

ይህን ያህል ቦታን ማየት ላይ የሙጥኝ ያልኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኪት ዊሊያምስ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ማስከሬድ የተሰኘ የሥዕል መጽሐፍ አወጣ። በ18 ካራት ወርቅ የተሠራች፣ በዕንቁ ያጌጠች ጥንቸል በብሪታንያ ምድር አንድ ቦታ ቀብሮ ነበር፤ የት እንዳለች የሚናገረው ምስጢር ሥዕሎቹ ውስጥ ነው። አገሩ ሁሉ አበደ። ሰዎች ከመጽሐፉ ያሻቸውን እያነበቡ የሰው ግቢና ማሳ ቆፈሩ። መጽሐፉን ቤት ተቀምጦ የሚያገላብጥ ሰው የፈለገውን ቦታ "ይኸው ነው" ብሎ ራሱን ማሳመን ይችል ነበር፤ የቆመበት መሬት "አይደለም" የሚልበት መንገድ አልነበረውም። በ1982 ጥንቸሏን ያወጣው ሰው ራሱ ምስጢሩን ፈትቶ አልነበረም፤ ስለ ሠዓሊው ከሚያውቅ ሰው በሰማው ነገር ተመርቶ እንደነበር በ1988 ጋዜጣ አጋለጠ። በትክክል የፈቱት ሁለት የፊዚክስ መምህራን ነበሩ፣ ግን ተቀድመዋል።

የመጨረሻው ነጥብ አመራረጥ ግን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ነው። ጥንቸሏ የተቀበረችው በቤድፎርድሺር፣ አምፕትሂል በተባለ መናፈሻ፣ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የመጀመሪያ ሚስት ለነበረችው ለአራጎኗ ካትሪን መታሰቢያ በቆመ መስቀል አጠገብ ነው። ቦታው በትክክል የት ነው? ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት፣ በቀትር፣ የመስቀሉ ጥላ ጫፍ የሚያርፍበት። ፀሐይዋ ራሷ ፍንጭ ሰጪ ሆነች ማለት ነው።

ይህን የጥላ ፍንጭ አዲስ አበባ ላይ መሥራት ትችላላችሁ፣ እንዲያውም እኛ ዘንድ ይበልጥ ይጣፍጣል። በእንግሊዝ አገር የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው የሚወድቀው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አልፎ ባለው ጊዜ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን በስተ ሰሜን ታልፋለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይዞራል። በጥር ያዘጋጃችሁት የጥላ ፍንጭ በሰኔ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይመራል። ልጆቹን በሁለቱም ወራት ወስዳችሁ አሳዩአቸው። እውነተኛው ቀትር ደግሞ ሰዓታችሁ ልክ 6 ሲል አይደለም፤ እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። እንጨት ተክላችሁ ጥላው በጣም የሚያጥርበትን ቅጽበት ጠብቁ።

አሁን የራሳችሁን እናዘጋጅ። ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ሣጥን መደበቅ አያስፈልጋችሁም፤ መንገዱ ራሱ ይበቃል። ቸርችል ጎዳናን ውሰዱ። ከታች ለገሃር ላይ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ፤ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የቆመ፣ በወረራው ዘመን ጣልያኖች ሮም ወስደውት የነበረና በኋላ የተመለሰ። ሽቅብ ስትወጡ የትግላችን ሐውልት፣ ከዚያም ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል ምስል፤ ዋናው መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ጥያቄዎቹን ቦታው ላይ ብቻ የሚመለሱ አድርጓቸው፦ አንበሳው ፊቱን ወዴት አዙሯል? የትግላችን ሐውልት ኮከብ ስንት ጫፍ አለው? የመድፉ አፍ የሚያየው ወደ ላይኛው መንገድ ነው ወይስ ወደ ታችኛው? ለእያንዳንዱ መልስ አንድ አኃዝ መድቡ። ሦስቱ አኃዞች ተገጣጥመው በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ቁልፍ ይከፍታሉ፤ ቁልፉ የተንጠለጠለበት ሣጥን እናንተ በያዛችሁት ቦርሳ ውስጥ ነው። ቀደም ብላችሁ መንገዱን ብቻችሁን ሂዱበት፤ አንዱ በግንባታ ታጥሮ እንዳይጠብቃችሁ።

ለፍንጩ ቋንቋ ደግሞ ከፊደል ገበታችን የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። ገበታው 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው የተዘጋጀ ኮድ ነው። ከ"ሀ" ጀምራችሁ ስትቆጥሩ "ዘ" 21ኛ ረድፍ ላይ ነው፣ ራብዑ ዓምድ 4 ነው፤ ስለዚህ 21–4 "ዛ" ይሆናል። "ፈ" 32ኛ ነው፣ ሳድሱ ዓምድ 6፤ 32–6 "ፍ"። ልጁ ወረቀቱ ላይ 21–4፣ 32–6 የሚል ብቻ ያገኝና ገበታውን ዘርግቶ "ዛፍ!" ብሎ ይሮጣል። ቀጣዩ 24–6፣ 2–6፣ 24–6፣ 23–6 ነው፤ እሱን ለእናንተ ልተወው፣ ውኃ ባለበት መናፈሻ ታገኙታላችሁ። "ቨ"ን በመካከል የሚያስገቡ ገበታዎች ስላሉ ለልጆቹ የምትሰጡት ገበታ እናንተ የቆጠራችሁበት ራሱ ይሁን። በውጭ አገር ልጆቻቸው ፊደሉን እሑድ እሑድ እየተማሩ ለሚቸገሩ ወላጆች ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ገበታውን በቃል ይዞ የሚሮጥ ልጅ ሌሎቹን ሁሉ ይቀድማል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ፍራንክፈርት ወይም ነታንያ ካላችሁ፣ አያትም ካሉ፣ እሳቸውን አንዱ ጣቢያ አድርጓቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ቀጣዩ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ይቋጠር። ልጆቹ ሲደርሱ "እንቆቅልሽ!" ይላሉ፣ ልጆቹም "ምን አውቅልሽ!"፤ ጥያቄው ስለዚያው ቦታ ይሁን። ለምሳሌ፦ አንገቱን ሲጠመዝዙት ያለቅሳል፣ መልሰው ሲጠመዝዙት ዝም ይላል። መናፈሻው ውስጥ ያለው የውኃ ቧንቧ ነው፣ ቀጣዩ ፍንጭ እዚያ ታስሯል። ልጆቹ ካቃታቸው አያት "አገር ስጡኝ" ይበሉ። ልጆቹ አንድ ከተማ ይሰጣሉ፣ ሐረርን ወይም ጎንደርን፣ አያትም ስለዚያ ከተማ አንድ ነገር አውርተው መልሱን ይነግራሉ። ሌሎች የዚህ ጨዋታ አዘጋጆች ልጅ መንገድ ሲጠፋው እንዴት እንርዳው እያሉ ብዙ ይጨነቃሉ፤ እኛ ዘንድ መላው ከጥንት የተዘጋጀ ነው።

ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ዌዘርቢ በተባለች ከተማ፣ ካፌ ደጅ የተደበቀች ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ቦምብ መስላ ወታደሮች መጥተው አፈነዷት። እስራኤል ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ሜዳ ላይ ሲታይ ፖሊስ መጠራቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዕቃው ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን፣ ላዩ ላይ "የልጆች ጨዋታ" ተብሎ ይጻፍበት፤ ከመንግሥት ቢሮ፣ ከኤምባሲ፣ ከመጓጓዣ ጣቢያና ከትምህርት ቤት አጥር ይራቅ። የቦታውን ባለቤት ወይም ጥበቃውን አስፈቅዱ፤ ፊት ለፊት ከነገራችኋቸው ጥበቃዎቹ ራሳቸው ተባባሪ ይሆናሉ። መቆፈር የለም። ምግብ አይቀመጥም፤ ጦጣም ውሻም ከልጆቹ ቀድሞ ይደርሳል። የአልመር የታሸገ ባቄላም ቢሆን በዛሬው የጂኦካሺንግ ሕግ አይፈቀድም። ውኃ ወይም መኪና ያለበት ጣቢያ ላይ አዋቂ ይቁም።

ጣቢያው ከስድስት ሰባት ባይበልጥ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የትንሹ ልጅ እግር ይዝላል፣ ለቅሶ ይጀመራል። ወረቀቱን ሁልጊዜ ትንሹ ይያዝ፤ ማንበብ ባይችል እንኳ ያለ እሱ ማንም እንዳያነብ ይሆናል። ስታዘጋጁ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፦ መጀመሪያ ሣጥኑ የሚገኝበትን ቦታ ምረጡ፣ እዚያ የሚያደርሰውን ፍንጭ ጻፉ፣ ያ ፍንጭ የሚታሰርበትን ቦታ ምረጡ፣ እንዲያ እያላችሁ እስከ መነሻው። እያንዳንዱን ፍንጭ ስትጽፉ ቦታው ላይ ቆማችሁ ጻፉት እንጂ ከትዝታ አትጻፉ፤ ዛፉ አንድ የመሰላችሁ ሦስት ሆኖ ይገኛልና።

አንዴ ከተጫወቱ በኋላ ልጆቹ "አሁን ደግሞ እኛ እንደብቅላችሁ" ማለታቸው አይቀርም፣ እሺ በሏቸው። የመጀመሪያ ፍንጫቸው ከእነሱ በቀር ማንም የማይፈታው ይሆናል፤ "ያ ያልኩት ቦታ" የሚል ዓይነት። አታርሟቸው። ወረቀቱን ይዛችሁ እውነት ፈልጉ፣ ስታጡትም ልጁን ራሱን ወደ ቦታው ወስዳችሁ ጀርባውን ወደ ሣጥኑ አዙሮ እንዲቆም አድርጉና "ከዚህ ሆነህ ምን ይታይሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። የሚነግራችሁን ሁሉ እዚያው ይጻፈው።